በምሳ ሰዓት የተቆለፈ በር

አመዱ ገና ይፋጃል። መርማሪው ሃምሳ አለቃ ሁንዴሳ በእንጨት ጫፍ ሲገላልጥ ቆይቶ ጎንበስ አለና አንድ ጥቁር ብረት አነሳ፤ እስኪበርድለት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠው። ጓጉንቸር ነው። እሳቱ ቀለሙን ልጦታል እንጂ ቅርጹ እንዳለ ነው፤ ከነማያያዣው ግጥም ብሎ ተቆልፏል።

ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ በሩ ከነበረበት ቦታ ሥር፣ በነጠላ የተሸፈነ ሬሳ አለ። እስከ ዛሬ ምሳ ሰዓት ድረስ አቶ አንለይ ይባል ነበር፤ የንብረትና መጋዘን ጽሕፈት ቤት የመዝገብ ሠራተኛ። የተቃጠለውም መዝገብ ቤቱ ነው። ቤቱ በሰፈራው ዘመን ከቀርቀሃና ከጭቃ ተሠርቶ ሳር የለበሰ ነበር። አሶሳ የክልል ከተማ ሆና ቢሮው ሲበዛ፣ የወረቀት ማስቀመጫ ጠፋና የሠራተኛውን ፋይል ሁሉ እዚያ አጎሩት። የታኅሣሥ ሐሩር፣ ደረቅ ሳር፣ ደረቅ ወረቀት። ሩብ ሰዓትም አልፈጀበት።

«አልቋል» አለ አዛዡ መቶ አለቃ ቡሴ ከኋላው መጥቶ። «ሰውየው ተይዟል።»

«የቱ ሰውዬ?»

«ከጀርባ ሜዳውን ያቃጠለው። ጀዕፈር ይባላል። ራሱ አምኗል።»

«ምን ብሎ?»

«ሳር አቃጥያለሁ ብሎ።»

ሁንዴሳ ጓጉንቸሩን ዘረጋለት። «በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነበር፣ መቶ አለቃ። ሰውየው ደግሞ ውስጥ ነው።»

ቡሴ ብረቱን አየና ፊቱን ወደ መኪናው አዞረ። «ከላይ በሰዓት በሰዓቱ እየደወሉብኝ ነው። ዓርብ ፋይሉ ዓቃቤ ሕግ ጋ ይግባ።»

ቡሴ ክፉ ልጅ አይደለም። የሦስት ወር ኮርስ ወስዶ መጣና ሁንዴሳ አራት ዓመት የጠበቀው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ይኸው ነው ጥፋቱ። ሪፖርቱን ሁንዴሳ ይጽፋል፣ ቡሴ ይፈርማል። ምስጋናው ሲመጣ በፈረመው ስም ይመጣል። ስህተት ሲገኝ ግን የጻፈውን ይፈልጋሉ። ሁንዴሳ ይህን ለሚስቱ እንኳ ማውራት ከተወ ቆይቷል። ጓጉንቸሩን ኪሱ ከተተና ለሌላ ለማንም አልተናገረም።

* * *

ጀዕፈር እስር ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጧል። ረጅም፣ ቀጭን፣ የበርታ ሰው ነው። ሃምሳ አለቃን በሱዳኖቹ አጠራር ሻዊሽ እያለ ይጠራል።

«ሻዊሽ፣ እኔ ሳር አቃጠለ። ሰው አላቃጠለ።»

«ለምን አቃጠልክ?»

«ለፍየል። አዲስ ሳር እንዲመጣ። ሁልጊዜ በዚህ ወር ያቃጥላል። አንተ ዛሬ ነው አሶሳ የመጣኸው?»

«ቤቱ ጋ እንዳይደርስ ምን አደረግክ?»

«አስቀድሞ መስመር አቃጠለ። ሦስት ቀን በፊት። አሥር እርምጃ ሰፊ። አባቴ እንደዚህ ያደርጋል። እሳት የተቃጠለ መሬት ላይ ምን ይበላል? ሂድ፣ እይ። ዓይን አለህ።»

«እርሻህን ማን እየጠበቀ ነው?»

ጀዕፈር ራሱን ያዘ። «ማንም። ሚስቴ ወለደ፣ አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ማሽላው ደርሷል። ዝንጀሮው ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቅም ሻዊሽ፣ ሰው እንደሌለ ሲያውቅ ወዲያው ይመጣል።»

ሁንዴሳ ሊስቅ ነበር፤ ተወው። ፋይሉ ዓርብ ከሄደ ይህ ሰው ወህኒ ይወርዳል። ሰው የሞተበት ቃጠሎ ነው። ማሽላውንም፣ የአሥራ ሁለት ቀኑን ልጅም መቼ እንደሚያይ አይታወቅም።

* * *

ማግሰኞ ጠዋት ሁንዴሳ ግራ እግሩን እየጎተተ ወደ ሜዳው ወጣ። እግሩ ናቅፋ ግንባር ላይ የቆሰለ ነው፤ ተረከዙ የለም።

ጀዕፈር አልዋሸም። አሥር እርምጃ የሚሰፋ ጥቁር መስመር ሜዳውን ለሁለት ከፍሎታል። ከመስመሩ ወዲያ ሁሉም ከሰል ነው። ከመስመሩ ወዲህ ግን እስከ መዝገብ ቤቱ ጀርባ ድረስ ሳሩ ቢጫ እንደሆነ ቆሟል። እሳት በዚህ ሳር ላይ ቢሄድ ኖሮ ሳሩ አይኖርም ነበር። የጀርባው መስኮት ከነበረበት ሥር ብቻ አንድ ክንድ የምትሆን ቦታ ተለብልባለች፤ ሰው ተንበርክኮ የሚሠራባት ያህል።

ወደ ቡሴ ሄዶ ነገረው።

«ንፋስ ብልጭታ ወስዶ ክዳኑ ላይ ይጥላል» አለ ቡሴ።

«ሰኞ ንፋስ የሚባል አልነበረም።»

«ንፋስ ድንገት ይነሣል፣ ጋሽ ሁንዴሳ።»

«ጓጉንቸሩስ?»

«እስከ ዓርብ ነው ያልኩህ» አለ ቡሴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ድካም ነበር። ለዚህም ይመስላል ሁንዴሳ ያልጠላው።

ከሰዓት ቀብር ነበር። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ ወረቀት አወጣና አነበበ። «አቶ አንለይ እሳቱን ባየ ጊዜ ሕይወቱን ሳይሰስት፣ የመንግሥትን ሰነድ ለማዳን ነበልባሉ ውስጥ ሮጦ የገባ ጀግና ነው...» ሴቶቹ አለቀሱ። ከኃላፊው ጀርባ የቆመች አይናለም የምትባል ተላላኪ ግን አላለቀሰችም፤ መሬት መሬት ታያለች።

መቃብሩን ሲቆፍሩ ከነበሩት አንዱ አካፋውን ተደግፎ ላቡን ይጠርጋል። ራሱ ሙሉ ለሙሉ ሸብቷል፤ ክንዱ ግን የጎልማሳ ክንድ ነው።

«ዘመዱ ነህ?» አለው ሁንዴሳ።

«አይ፣ የአገር ሰው። ዳምጠው እባላለሁ፤ የሰፈራ መንደሩ መጋዘን ጥበቃ ነኝ። ከወሎ ስንመጣ የመዘገበን እሱ ነው፣ ነፍሱን ይማር።»

«ሰኞ ከተማ ነበርክ?»

«ኧረ ከተማ ካየሁ ሳምንቴ! መርዶ ሰምቼ ነው የወጣሁ።» አካፋውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ሮጦ ገብቶ ነው፣ አይደል ሃምሳ አለቃ? እሳቱ ከተነሣ ወዲያ ነው የገባው?»

«እንዲያ ይላሉ።»

«እንግዲህ ቀኑ ነዋ» አለና ዳምጠው አፈሩን መመለስ ጀመረ።

* * *

አይናለም ቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ሁንዴሳ ምንም አላላትም። ጓጉንቸሩን አውጥቶ ድንጋዩ ላይ አስቀመጠላት።

ቢላዋውን ከሽንኩርቱ አጠገብ አኖረች።

«እኔ ነኝ የቆለፍኩት» አለች። «በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይስሙኝ።»

«እየሰማሁሽ ነው።»

«ባለጉዳይ ምሳውን አያስበላው። ‹ፋይሌን፣ ፋይሌን› እያለ ሰው በር ላይ ያድራል። ድልድሉ ከመጣ ወዲህማ ተዉት! አንድ ቀን ‹አይናለም፣ ከውጭ ቆልፊብኝ፤ ጓጉንቸሩን ሲያዩ ወጥቷል ብለው ይሄዳሉ› አለኝ። ከዚያ ወዲህ በስድስት ሰዓት ቆልፌበት እሄዳለሁ፤ እሱ ምሳውን በልቶ ፋይል ተንተርሶ ይተኛል። በስምንት መጥቼ እከፍትለታለሁ። ሁለት ዓመታችን ነው።»

«ሰኞስ?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነበር።» ከቀሚሷ ሥር ክር ስባ አወጣች፤ ቁልፉ አሁንም አለ። «ጭሱን አይቼ ሮጥኩ። ስደርስ ክዳኑ ወርዷል። ለኃላፊው ነገርኩት። ‹ዝም በይ፤ ሠራተኛ ተቆልፎበት ተቃጠለ ከተባለ ቢሮው ምን ይባላል? አንቺም ትታሰሪያለሽ› አለኝ። ያንን ንግግር ሲያነብ ሰሙት አይደል? ጀግና አለው! ሰውየው'ኮ እንቅልፍ ላይ ነበር።»

«ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ከእርስዎና ከእሱ በቀር ለማን እነግራለሁ?»

«እንግዲያው ለሌላ አትንገሪ። ጓጉንቸሩንም አላየሽውም።»

* * *

ረቡዕ ሠራተኛው ሁሉ ሰራዊትን ጠቆመ። ሰራዊት የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነው፤ በአዲሱ ድልድል ከደረጃው ሁለት እርከን ወርዷል። ባለፈው ሳምንት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሞ «አቃጥልሃለሁ!» ሲል አሥር ሰው ሰምቶታል።

ሁንዴሳ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሲንቀጠቀጥ አገኘው።

«ብያለሁ» አለ ሰራዊት። «አቃጥልሃለሁ ብያለሁ፣ አናትህን እፈጠፍጠዋለሁም ብያለሁ። አሥራ ሦስት ዓመት የሠራሁበት ፋይል ጠፋ ተብዬ፣ ትናንት የተቀጠረ ሲያልፈኝ ምን ልበል? ተመስገን ልበል?»

«ሰኞ ምሳ ሰዓት የት ነበርክ?»

«ወባ ይዞኝ ጤና ጣቢያ። ካርዴ ያውና ትራሴ ሥር። ግሉኮስ ተሰክቶልኝ እስከ አሥር ሰዓት ተጋድሜያለሁ፤ ነርሷን ይጠይቋት።» ጥርሱ እየተንገጫገጨ ሳቀ። «ደግሞስ እኔ አንለይን መግደል ብፈልግ ያን ሁሉ ፋይል ምን አደረገኝ? እኔ የሚያስፈልገኝ ፋይሉ እንዲገኝ ነው!»

«ምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት እንደሚተኛ ታውቃለህ?»

«ግቢው ውስጥ የማያውቅ ማን አለ? ማንኮራፋቱ እስከ ኃላፊው ቢሮ ይሰማል።»

ነርሷ ሰራዊት ያለውን አረጋገጠች። ሁንዴሳ ከጤና ጣቢያው ሲወጣ ማንጎ ጥላ ሥር ቁጭ አለና እግሩን ዘረጋ። ማንኮራፋቱን ደጋግሞ አሰበው። ግቢው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንለይ በዚያ ሰዓት ውስጥ እንደሚተኛ ያውቃል። ስለዚህ እሳቱን የለኮሰው የግቢው ሰው ከሆነ ሆን ብሎ ገድሏል። ግን ሰው መግደል ለፈለገ፣ አንለይን በመንገድ የሚጠብቅበት መቶ ቦታ አለ። ፋይሉን ለማቃጠል የፈለገስ? እሱ ጓጉንቸሩን አይቶ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ያን የሚያምን ግን የግቢው ልማድ ያልደረሰው ሰው ብቻ ነው። ፋይሉ እዚህ፣ ሥራው ሌላ ቦታ የሆነ ሰው።

* * *

ሐሙስ ጠዋት የጽሕፈት ቤቱ ታይፒስት ቀነኒ የጽሕፈት መኪናዋን አቁማ ወንበር ሳበችለት።

«ኦቦ ሁንዴሳ፣ ኃላፊው እንዳያይዎት። ፖሊስ አታናግሩ ብሏል።»

«አንድ ነገር ብቻ። የማን ፋይል ቢጠፋ ነው የሚጠቀመው?»

ቀነኒ መሳቢያዋን ከፈተች። «እኔም እሱን ሳስብ ነው የከረምኩት። ይኸው፣ ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡ ሰዎች ዝርዝር። ቅዳሜ መትቼ ሰኞ ጠዋት ለጠፍኩት። ይዩት እስቲ።»

ዘጠኝ ስም አለ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት የትውልድ ዓመት፦ 1933። 1933። 1933። እስከ ታች።

«ዘጠኙም በአንድ ዓመት!» አለች ቀነኒ። «ስመታው እጄ ራሱ ሳቀ። ሁሉም የአንድ ሰፈራ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በሰባ ስድስት የተቀጠሩ። የዚያን ዓመት እናቶች ተማክረው ነው እንዴ የወለዱት?»

ሁንዴሳ አልሳቀም። በሰባ ስድስት ምን እንደነበር ያውቃል። ለብሔራዊ ውትድርና ከአሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት ያለውን ወንድ ከየቀበሌው የሚለቅሙበት ጊዜ ነው።

«ከእነዚህ ዘጠኝ ውስጥ እዚህ ግቢ የማይሠራ አለ?»

«አንድ። ስድስተኛው። የመንደሩ መጋዘን ጥበቃ።» ቀነኒ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን ምን ያደርጋል ኦቦ? ዝርዝሩ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። የፋይሉ ሁሉ ግልባጭ እዚያ አለ። እዚህ ያለው ቢቃጠል ባይቃጠል ለውጥ የለውም።»

«ይህን ሠራተኛው ያውቃል?»

«ማን ነግሮት? ለእኛ ማን የሚነግረን አለ?»

* * *

መጋዘኑ ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ዳምጠው የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል። ሁንዴሳን ሲያይ ብድግ ብሎ የሚቀመጥበት ጆንያ አነጠፈለት።

«ዳምጠው፣ ዕድሜህ ስንት ነው?»

ዳምጠው ፈገግ አለ። «በወረቀት ነው በእውነት?»

«በሁለቱም።»

«በወረቀት አምሳ አምስት። በእውነት አርባ። ይህ ሽበት የዘር ነው፤ አባቴም በሃያ አምስቱ ነው የሸበተ።» መርፌውን ጆንያው ላይ ሰካ። «ከነገሩዎትማ ምን እደብቃለሁ። በሰባ ስድስት ሊለቅሙን ሲመጡ አንለይ ነው መዝጋቢው። ‹ሸበቶ ስለሆንክ ያምኑኛል› ብሎ አርባ ሦስት ዓመት ጻፈልኝ። የቀሩትንም ጢም እያስረዘመ፣ እያጎበጠ አሳለፈ። ከእኛ መንደር እውነቱን የተናገሩ ሰባት ልጆች ሄዱ። አንድ አልተመለሰም። አንለይ ነው ነፍሴን ያተረፈው።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ያ ቁጥር መጣብኝ። ዝርዝሩ ገና ሳይለጠፍ ‹ጡረታ ውጣ፣ የጥበቃ ቤቱን ልቀቅ› ተባልኩ። መሬት ሲከፋፈል ደመወዝተኛ ነህ ብለው ዘለሉኝ። ስድስት ልጅ ይዤ የት ልግባ? አንለይን እግሩ ሥር ወድቄ ለመንኩት። ‹ባርመው መጀመሪያ ማን ጻፈው ይላሉ፤ እኔ እታሰራለሁ› አለኝ። እሱም አልዋሸም።»

ከሜዳው ማዶ የቃጠሎ ጭስ ይታያል፤ ሌላ ሰው የራሱን ሳር እያቃጠለ ነው።

«አንለይ ሮጦ አልገባም» አለ ሁንዴሳ።

«ምን አሉ?»

«እሳቱ ሲነሣ ውስጥ ነበር። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ። ተኝቶ።»

«ሐሰት ነው!» ዳምጠው ተነሣ። «ኃላፊው ተናግሯል'ኮ! እንዴት ውስጥ ይሆናል? በሩ ከውጭ ተቆልፎ! እኔ በእጄ...»



ሁንዴሳ ጓጉንቸሩን አውጥቶ ጆንያው ላይ አስቀመጠው። «ሰኞ በሩ ተቆልፎ እንደነበር የሚያውቅ ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው ነው፤ ከሦስቱ አንዳቸውም አልነገሩህም። አንተ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ከተማ አልወጣሁም ብለኸኛል።»

ዳምጠው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እጁን ወደ ብረቱ ዘረጋና ሳይነካው መለሰው።

«ሁለት ጊዜ ጎተትኩት» አለ። «ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው የጎተትኩት፣ ሃምሳ አለቃ። ተቆልፏል። ምሳ ሄዷል አልኩ። ዞሬ በመስኮቱ ሳር አስገብቼ ለኮስኩ። ማን ሰው በራሱ ላይ ያስቆልፋል?»

«አንኳኳህ?»

«ሰው ይሰማል ብዬ... አላንኳኳሁም።»

«ጀዕፈርስ? በአንተ ቦታ ታስሮልሃል።»

«የሜዳውን ጭስ ሳይ ነው ልቤ የተነሣ። ሳሩ ነው ይላሉ፣ ይረሳል አልኩ። በየዓመቱ ይቃጠል የለ? ሳር ሰው ያሳስራል ብዬ አላሰብኩም።»

«ከታሰረ በኋላስ?»

ዳምጠው መሬቱን አየ። «ከታሰረ በኋላ ልጆቼን አሰብኩ።»

ሁንዴሳ ደብተሩን አወጣ። ለሚጽፈው ቃል የመጀመሪያው መስመር ስም ነው፤ ሁለተኛው ዕድሜ። ብዕሩ እዚያ ላይ ቆመ። እሱን ራሱንም በሰባ ስድስት መልማዮቹ ባምባሲ ላይ ዕድሜውን ጠይቀውት ነበር። ሃያ አራት አለ፤ እውነቱን። መዝጋቢው ቀና ብሎ አይቶት «እርግጠኛ ነህ?» ሲለው እንኳ አልገባውም። ከዚያ ወዲህ ዕድሜያቸውን ጨምረው ቤታቸው የቀሩትን ሰዎች በየቢሮው ባየ ቁጥር ቂም ይይዝባቸው ነበር። አሁን አንደኛው ፊቱ ተቀምጧል፣ እሱም ያን ቂም ሊያወጣ ፈለገና የት እንዳስቀመጠው ጠፋው።

የአዲስ አበባውን ግልባጭ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ዘጋው። ሌላ ሰው ይንገረው።

«ዕድሜ?» አለው።

«እውነተኛውን ይጻፉልኝ» አለ ዳምጠው። «አንድ ቦታ እንኳ ይኑር።»

አርባ ብሎ ጻፈ።

* * *

ዓርብ ጠዋት ቡሴ ቃሉን ሁለት ጊዜ አንብቦ ፈረመበት። ጀዕፈርን ልቀቁት አለ። ሰውየው ሸበጡን ካደረገ በኋላም ከበሩ አልንቀሳቀስ አለ።

«ወረቀት ስጠኝ» አለ።

«የምን ወረቀት?» አለ ቡሴ።

«ጀዕፈር ሰው አላቃጠለ የሚል። ሲወስደኝ መንደሩ ሁሉ አየ። እጄ ታስሮ።»

ቡሴ ሁንዴሳን አየ። «እንዲህ ያለ ቅጽ አለን እንዴ?»

«የመያዣ አለ። የመክሰሻ አለ። የዚህ የለንም።»

«በል እንግዲህ፣ መፈታትህ ራሱ ወረቀት ነው» አለ ቡሴ ለጀዕፈር። ስልኩ ጮኸ፤ ከላይ ነው። ቡሴ ተነሥቶ ቆመ። «አዎ ጌታዬ... አዎ፣ እኔ ራሴ ነኝ የደረስኩበት...»

ሁንዴሳ ቆቡን አንሥቶ ወጣ። «ና፣ እንሂድ» አለው ጀዕፈርን።

የጀዕፈር መንደር ከሜዳው ማዶ ነው። ለጤነኛ ሰው የአንድ ሰዓት መንገድ ሲሆን፣ ለሁንዴሳ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ጀዕፈር እርምጃውን አሳጠረለት እንጂ ምንም አላለውም። ማሽላው ጋ ሲደርሱ ቆመ። የላይኛው ማሳ አገዳው ብቻ ቀርቷል፤ ራሱ ሁሉ ተቆርጦ ተወስዷል፣ መሬቱ በዝንጀሮ ፋንድያ ተሞልቷል። የታችኛው ገና ግማሹ አለ። ጀዕፈር አንድ የተረፈ ራስ ያዘና በመዳፉ አሽቶ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ መንደሩ አዙሮ መንገዱን ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ ከቀርቀሃ በተሠራ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሴቶች ከየአጥሩ ወጡ። ሁንዴሳ መሐላቸው ቆሞ ቆቡን አወለቀ።

«ይህ ሰው ቤት አላቃጠለም፣ ሰውም አልገደለም» አለ በአማርኛ። «ያቃጠለው ተገኝቷል። እኛ ተሳስተን አምስት ቀን አስረነዋል። ማሽላው የተበላው በእኛ ጥፋት ነው።»

ጀዕፈር ወደ በርታኛ መለሰው። ምን ያህሉን እንደመለሰ፣ ምን እንደጨመረበት ሁንዴሳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በስተመጨረሻ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ሽማግሌ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ምን አለ?»

«ይህን እንድትናገር የላከህ ማነው ይላል።»

ሁንዴሳ ላቡን ጠረገ። «ማንም አልላከኝም በለው።»

ጀዕፈር መለሰለት። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ነው ቀና ብሎ ያየው።